የኮረኮንች ግራ ጉንጭ

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም ኮረኮንች ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ቀለም ቀቢው ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም፣ ሁለቱም ገና ጎረምሶች ሳሉ፣ ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር ጋደም እንዳሉ ፊቱን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና፣ «ያንተ ጉንጭ ላይ የሄደች ዝንብ ጎማዋ መፈንዳቱ አይቀርም» አለው። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ቢቆጣ እንደሚብስበት ስለገባው ባለ ፊቱም አብሮ ሳቀ። እንዲያም ሆኖ ስሙ ተጣበቀበት።

ነገሩ ብጉር ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ ጀምሮት ሃያ ሁለት ሲሞላው ለቀቀው፤ ሲለቀው ግን እንደ ጨዋ እንግዳ አልወጣም። ሁለቱ ጉንጮቹ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ የመታው አቧራ መስለው ቀሩ። ልማድ ክፉ ነው፤ ሰውየው ፊቱን ለመደው፣ ሚስቱም ለመደችው፣ መላጫውም ጉድባ ለጉድባ መሄዱን ለመደ።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና ላሜራ ቀጥቅጦ ወደ ቦታው የሚመልስ። የገባን ብረት በዓይኑ አይፈልግም። ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በሩ ላይ ያንሸራትታል፤ ሌላው በጠራራ ፀሐይ የማያየውን ስርጉድ እጁ ያገኘዋል። ከዚያ አምፖሉን ከጎን ያመጣል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ውሸታም ነው ይላል፣ ሁሉን እኩል አድርጎ ያሳያል፤ ከጎን የሚመጣው ግን ለማንም አያዳላም፣ ጉድጓድ ሁሉ ጥላውን ይዞ ብቅ ይላል። እሱ የጨረሰውን በር ከአዲሱ የለየ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሚስቱ ታዲያ ሲላት፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያለች ጉንጩን ትቆነጥጠዋለች።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የአባቷ ብጉር እሷንም አገኛት።

መጀመሪያ ግንባሯ ላይ ሁለት ሦስት ሆኖ ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቀጥሎ ጉንጮቿን ወረረ። ምክር ከሆነ ሰፈሩ አይሰስትም፤ የጥርስ ሳሙና ቀቢበት ያላት አለ፣ ሎሚ እሺበት ያላት አለ፣ አንዷ ጎረቤት ደግሞ አግቢና ይተውሻል ብላ አረፈችው። ሁሉንም ሞከረች፣ ማግባቱ ሲቀር። ቀጥሎ ፀጉሯን ከግራና ከቀኝ እንደ መጋረጃ ለቀቀችው። በመስኮቱ ፊት ለፊት መቀመጥ ተወች። ምሳዋን ሌሎቹ ከተነሡ በኋላ ትበላለች። አባቷ ሲያናግራት ወለሉን እያየች ነው የምትመልሰው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ፤ በመጨረሻም ትምህርት ቤት መሄዷን አቆመች።

ከቀረች ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቷ የትራሷን ልብስ ልታጥብ ብትገፈው ደም በደም ሆኖ አገኘችው። ልጅት ብጉሩን በመርፌ እየወጋች ታፈርጠው ኖሯል። ኮረኮንች ትራሱን ተቀብሎ ገልብጦ አየው። እሱም እንደዚያው ነበር ያደረገው፤ እያንዳንዱ የፈረጠ ብጉር የት እንደሚያደርስ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የክፍሏን በር አንኳኳ።

«እናቴ፣ ተነሺ ሐኪም ጋ እንሂድ» አለ።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

ከበሩ ኋላ፣ «አባዬ፣ ሐኪም የሚያድነው ቢሆን ኖሮ አንተ ትድን ነበር» አለችው።

ልታስቀይመው አልነበረም፤ እውነት መስሏት ነው። ለዚህም ነው ቃሏ አጥንቱ ድረስ የዘለቀው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንደማያውቅ፣ ለመሄድም አስቦ እንደማያውቅ እንዴት ብሎ ይንገራት? ፊቱ ሳያውቀው ለልጁ ምስክር ሆኖ፣ ዓመት ሙሉ በቤቱ ውስጥ ፊት ለፊቷ እየተመላለሰ «መዳኛ የለውም» ሲላት ኖሯል።

ሰኞ ጋራዥ ሲገባ አንዲት ባለ መኪና ቆማ ጠበቀችው። መኪናዋን በረዶ ቀጥቅጦት ከጣሪያው እስከ በሮቹ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ቀለም ቀቢው ወደ ኮረኮንች ዞሮ፣ «ዘመድህ መጥቷል» አለው። ሴትዮዋ ግን ሊያስቃት የሚችል ነገር አልነበረም። ይኼ አይድንም፣ እንዳለ ልሽጠው ትላለች። በጋራዡ ውስጥ እንዲህ ላለ ሰው የቆየ ደንብ አለ፤ ማግባባት የለም፣ መማል የለም፤ አንድ በር ሠርተህ ታሳየዋለህ። ሌላውን አትነካም። ሰውየው በሠራኸውና ባልሠራኸው መካከል ቆሞ ራሱ ይፍረድ።

ኮረኮንች የግራውን የፊት በር ሠርቶ ረቡዕ ዕለት አስጠራት። ሴትዮዋ አምፖሉን ይዛ ከአንዱ በር ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ተመላለሰች። አፏን ከፍታ ቀረች። እሱ በሩን አልነበረም የሚያየው፤ ፊቷን ነበር፤ ጥርጣሬ ከሰው ፊት ላይ ሲነሣ እያየ ነበር። መዶሻውን አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና ለቀለም ቀቢው፣ «ነገ አልገባም» አለው።

የቆዳ ሐኪሟ አርባን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ከወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ነገረችው፣ የጣሪያውን መብራት አጠፋች፣ ከዚያ ረጅም እጅ ያለውን አምፖል ስባ ከጆሮው አጠገብ፣ ከጎን አበራችበት። ኮረኮንች ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

«ምነው ጋሼ?»

«ይቺ የኔ መብራት ናት ዶክተር። ባትላሜራ ነኝ።»

እሷም ፈገግ አለች። ጣቷን ጓንት ውስጥ እንዳለ ጉንጩ ላይ አንሸራተተችው፤ ቆዳውን ወጠረችው፣ ለቀቀችው፣ ቆነጠጠችው። ከቀኝ መንጋጋው በላይ ያለች ጥቁር ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይኼስ ምንድን ነው? ይኼ የብጉር አይደለም።»

ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገር ነበር የጠየቀችው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ላይ፣ ብረት ማለስለስ በተማረ በዓመቱ፣ አንድ እሑድ በሩን ዘግቶ ፊቱን በውሃ አርሶ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎት ነበር፤ በጣም በደቀቀው ዓይነት፣ ለመጨረሻው የቀለም ሥራ በሚያገለግለው። ስድስት ጊዜ ያህል እንደ ሄደበት ደም ፈሰሰውና ተወው። ከዳነ በኋላ ጉድጓዱ እንዳለ ሆኖ ዙሪያው ጠቆረ። ለሚስቱ እንኳ ጭስ ማውጫ አቃጠለኝ ነበር ያላት። አሁን ይኼን ሲናገር ትስቃለች ብሎ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም» አለችው። «ፊት የሚፍቅ መሣሪያ ሐኪምም ይዟል። ልዩነቱ እርስዎ የት ላይ ማቆም እንዳለብዎት አያውቁም። እንደኛ ያለ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ይጠቁራል። ለመሆኑ ይኼ ጉድጓድ ከምን የመጣ ይመስልዎታል?»

«ሥጋ ጎድሎ ነዋ። የጎደለ ነገር ይሞላል።»

«አንዳንዱ እንደዚያ ነው። የእርስዎ አብዛኛው ግን አልጎደለም፤ ታስሯል።» አምፖሉን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። «ብጉሩ ሲድን ከሥር ክር የመሰለ ጠባሳ ሠርቷል። ክሩ ቆዳውን ወደ ታች ጠፍሮ ይዞታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየጎተተው ነው። አሁን የእርስዎን ሙያ ልጠይቅዎት፤ ከኋላ የተያዘን ብረት ከላይ በስቱኮ ቢሞሉት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል። ይኼ የሰነፍ ሥራ ነው። ከኋላ ነው መገፋት ያለበት።»

«እኔም ከሥር ገብቼ ክሩን እቆርጠዋለሁ።»

«ከዚያስ ማነው የሚገፋው?»

«ራሱ ነው የሚነሣው።»

ኮረኮንች አልገባውም። ሐኪሟ እንደ ገና አስረዳችው፤ ክሩ ሲቆረጥ ከሥር ትንሽ ቁስል ይሆናል፤ አካል ቁስል ሲያይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ አዲስ ሥጋ መሥራት ይጀምራል፤ ያ አዲስ ሥጋ ነው ቆዳውን ከታች የሚደግፈው። ወራት ይወስዳል፤ ደጋግሞ መሥራትም ሊያስፈልግ ይችላል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግማሹ ጥልቀት ከተነሣ ደስ ይበልዎት አለችው። «እኔ ቆርጬ እወጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ላይ እጄ የለበትም።»

ሰውየው፣ «እንግዲያው ግራውን ብቻ ይሥሩልኝ» አለ።

«ግራውን ብቻ? ለምን?»

ስለ ልጁ ነገራት። ስለ ትራሱ፣ ስለ ፀጉሯ፣ ከበሩ ኋላ ስለ ተናገረችው ቃል። በጋራዥ ያለውንም ደንብ ነገራት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የእርስዎ ፊት ሠላሳ ዓመት ጠብቋል፣ ሌላ ሠላሳ ዓመትም መጠበቅ ይችላል» አለች። «የእሷ ግን አሁን እየነደደ ነው። መጀመሪያ እሳቱን ነው የምናጠፋው፣ በመድኃኒት፤ ያለ መርፌ፣ ያለ ምንም። በሳምንት በሳምንት የሚጨመረው ጠባሳ የማይለቅ ጠባሳ ነው። ዛሬ ብትመጣልኝ ደስ ባለኝ።»

«በጉልበት ላምጣት?»

ሐኪሟ ጓንቷን ቀየረች።

ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ከበበቻቸው፤ ተቀምጦ ሳለ ነው ያደረገችው፣ ሰው ሲተኛ ጥላው ይጠፋልና። ከዚያ አስተኛችው፣ ማደንዘዣ ወጋችው። ጉንጩ የሌላ ሰው ጉንጭ ሆነበት። «ድምፅ ይሰማሉ፣ አይደንግጡ» አለችውና ቀጭን መርፌ ከጆሮው በታች አስገባች።

ሕመም አልነበረም። ድምፁ ግን በጆሮው ሳይሆን በራስ ቅሉ ውስጥ ነበር የሚሰማው፤ ደረቅ ገለባ ሲረገጥ እንደሚንኮሻኮሸው። መርፌው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ጠፍጠፍ ብሎ ከቆዳው ሥር ሲሄድ ክሮቹ ይበጠሱ ነበር። ኮረኮንች ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው የሌላውን ሙያ ሲሰማ ይገባዋል፤ ይቺ ሴት ከኋላ ገብታ ነው የምትሠራው። አንዱ ክር ጠንክሮ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ተበጠሰ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ጉንጩን ለቀቀው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጎትተው እንደኖረ ያወቀው ሲለቀው ነው። ሰውየው ፈሪ አይደለም፣ አልቃሻም አይደለም፤ ነገር ግን ከተኛበት እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

«አመምዎት?»

«የለም። ልክ ነዎት፣ ታስሬ ነበር» አላት።

ቤት ሲደርስ ግራ ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ጉንጩ ወይን ጠጅ መስሎ ነበር። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ደግሞ ከማን ጋር ተደባደብክ?» አለች። እሱ ያደረገውን ሲነግራት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ አዘነች፣ ቀጥሎ «ግማሽ ፊት የሚያሠራ ሰው ካንተ በቀር አላህም አልፈጠረ እግዜርም አልፈጠረ» ብላ ሳቋ አመለጣት። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል የልጅቷ በር ተከፈተ።

ከፀጉር መጋረጃዋ ኋላ ሆና አየችው። «ምን አደረጉህ?» አለች።

«ግራውን አሠራሁት። ቀኙ ለማወዳደሪያ ነው።»

«ለማን ማወዳደሪያ?»

«ለሚፈርድ ሰው» አለና ሐኪሟ የሰጠችውን ቅባት ከኪሱ አወጣ። «ይኼ ጠዋትና ማታ ይቀባል። እኔ በአንድ ዓይን እንደማላየው ታውቂያለሽ፤ የእናትሽ እጅ ደግሞ የመዶሻ ታላቅ ወንድም ነው።»

እናቲቱ አፏን ልትከፍት ስትል ባሏ ባልተጨፈነው ዓይኑ ጠቀሳት። ልጅት ቅባቱን ተቀበለች።

እዚህ ላይ ሰውየው ያበላሸውን መናገር ግድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ሥራን የሚመዝነው በዕለቱ ነው፤ ብረት እንዳስቀመጥከው ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ሲገለጥ መስታወት ፊት ቆመና ግራ ጉንጩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ አየው። ማን ይያዘው! ልጁን ጠራት፣ የእጅ ባትሪ ሰጣት፣ ከጎን አበራርቶ ማየትን አስተማራት። «እዪ! አንድም የለም! ድኗል!» አለ። ልጅትም አየች። ፀጉሯን ሳታስበው በጣቷ ወደ ጆሮዋ ሸጎጠችው፤ ለአንድ አፍታ ብቻ። ሐኪሟ ግን ነግራው ነበር፤ ዕብጠት ነው፣ ይወርዳል፣ አይመኑት ብላው ነበር። ደስታ ጆሮውን ደፈነው እንጂ።

በዘጠነኛው ቀን ዕብጠቱ ወረደ። ጉድጓዶቹ አንድም ሳይቀሩ ተመልሰው ቦታ ቦታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ልጅት ባትሪውን ከግራ አበራች፣ ከቀኝ አበራች። አጠፋችው። ቅባቱን ቀባችውና ወደ ክፍሏ ሄደች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኮረኮንች ግን አፍሶ የሚለቅመውም አጣ። አንድ ዕድል ነበረው፣ እሱንም በራሱ አፍ አበላሸው። በዚያ ሳምንት ጋራዥ ውስጥ የሠራው በር ሁለት ጊዜ ፈርሶ ተሠራ።

«ዶክተርዋ ነግራህ የለ?» አለችው ሚስቱ።

«ነግራኛለች።»

«ለልጅቷስ ዶክተርዋ ያለችውን ነግረሃታል?»

አልነገራትም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልጅት ስትቀባው ነገራት። ሐኪሟ ይወርዳል ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ፣ ብረት መስሎኝ ነው አላት። ልጅት እጇን ሳታቆም ሰማችው። «ስንት ጊዜ አለችህ?» አለች። «ወራት» አለ። ቅባቱን ከድና ሄደች። ግን በማግስቱም መጣች፣ በማግስቱም። የፀሐይ መከላከያውን ትቀባዋለች፣ ባርኔጣውን ራሷ ታደርግለታለች፣ አመሻሽ ላይ ባትሪዋን ይዛ ትመጣና አይታ ትሄዳለች። አታምነውም፤ መቅረትም አልቻለችም። ቀለም ቀቢው በባርኔጣው፣ «ኮረኮንች አስፋልት ሊለብስ ነው ተባለ፣ መንገዱ የተዘጋ መሰለኝ» እያለ ሲያሾፍበት ሰነበተ።

ሰባተኛው ሳምንት ገባ። አመሻሽ ነው፤ ኮረኮንች ሳሎን ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፣ ልጁ ከጎኑ ቆማ ባትሪዋን ታበራለች። የባትሪው ሙቀት ከጆሮው አጠገብ ቆመ። ከወትሮው ይልቅ ቆየ።

«አባዬ፣ አትተንፍስ።»

«ለምን?»

«አትናገር።»

ወደ ቀኝ ዞረች፣ አበራች። ተመልሳ ወደ ግራ ዞረች። በዘጠነኛው ቀን የሆነው እንዳይደገም ፈራ። ከዚያ ጣቷ ጉንጩ ላይ ተሰማው፤ ስታንሸራትት፣ ስታቆም፣ ወደ ኋላ ስትመልስ። «እነዚህ ጥላ የላቸውም» አለች በለሆሳስ። «ትልቋ ጉድጓድም ጠርዟ ብቻ ነው የቀረው። ትናንትም መስሎኝ ነበር፣ ዓይኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አባዬ፣ እየተነሣ ነው።»

ኮረኮንች እጁን አነሣ። በመዳፉ ስንት ሺህ በር ዳስሷል፤ የራሱን ጉንጭ እንዲህ ዳስሶት አያውቅም ነበር። ቀኙን ዳሰሰ፣ ኮረኮንች ነው። ግራውን ዳሰሰ። ሁሉም አልተነሣም፣ ሐኪሟ እንዳለችው ነው፤ ግን ከሥር አንድ ነገር መጥቶ ቆሟል። ሕያው ነገር፣ ጠንከር ያለ፣ ባለፈው ወር ያልነበረ። እሱ ሲተኛ፣ ሲበላ፣ ከቀለም ቀቢው ጋር ሲላፋ፣ ተስፋ ቆርጦ ሲነጫነጭ ጭምር፣ ማንም ሳያዘው፣ ማንም መዶሻ ሳያነሣ ሲሠራ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር ታግሏል፤ ብረት አንድ ቀን እንኳ አግዞት አያውቅም። አንድ ሌሊት አድሮ፣ አንተ ደክመሃል እኔ ልነሣልህ ያለ በር አላየም። ይኼ ግን ከገዛ ገላው ውስጥ ነበር። ሰውየው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተደንቆ አያውቅም፤ መዳፉን ከጉንጩ ሳያነሣ ተቀመጠ።

ልጅትም ከጎኑ ቁጭ አለች። ከማድ ቤት እናቲቱ፣ «ምነው ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ብላ ስትጣራ እንኳ የመለሰላት የለም።

«ነገ ዶክተርዋ ትገባለች?» አለች ልጅት በመጨረሻ።

በማግስቱ ሄዱ። ባርኔጣውን አድርጎ፣ እሷም ፀጉሯን ለቃ፣ የመንገዱን ጥግ ጥግ ይዘው ሄዱ። ሐኪሟ የኮረኮንችን ጉንጭ አይታ ራሷን ነቀነቀች፣ ጥሩ ነው፣ ቀኙን መቼ እንጀምር አለችው። እሱ፣ «የኔ ይቆየኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለና ወንበሩን ለልጁ ለቀቀ።

ሐኪሟ ለልጅቷ ምንም ትልቅ ነገር አልነገረቻትም። ስለ መድኃኒቱ አስረዳቻት፤ የሚቀባ አለ፣ የሚዋጥ አለ፣ መጀመሪያ ቆዳሽን ያደርቀዋል፣ ሁለት ወር ታገሺኝ። በመርፌ መውጋት የለም፣ እሺ? ልጅት እሺ አለች። «እንግዲህ ልየው» አለችና ሐኪሟ የመስኮቱን መጋረጃ ሰበሰበች። የጠዋቱ ብርሃን ክፍሉን ሞላው። ልጅት እጇ ጭኗ ላይ ተቆላልፎ ጥቂት ቆየች። ከዚያ በሁለት እጇ ፀጉሯን ከፊቷ ሰብስባ ወደ ኋላ አሰረችው፣ ቀና አለች።

ብጉሩ ነበር። ቀይ ነበር፣ ብዙ ነበር፣ ከፈራውም ይብስ ነበር። አዳዲስ ጉድጓዶችም ጀምረዋል። ኮረኮንች ሁሉንም አየው፤ እንዲያው ሙያው ነው፣ ሳያይ አያልፍም። ግን ያስደነገጠው ብጉሩ አልነበረም። የተሸፈነችው ልጅ ክብ ፊት፣ ሙሉ ጉንጭ ያላት ሕፃን ነበረች፤ አሁን በብርሃኑ ውስጥ የተቀመጠችው ሌላ ነበረች። አገጯ ሾሏል። የጉንጯ አጥንት ወጥቷል። ግንባሯ የሰው ግንባር ሆኗል፣ የሚያስብ፣ የራሱ ሐሳብ ያለው። ዓመት ሙሉ በዚያ መጋረጃ ኋላ፣ እሱ ሳያይ፣ አንዲት ሴት አድጋ ጨርሳለች። ዛሬ ጠዋት እንኳ እንደ ሕፃን እጇን ይዞ ነበር መንገድ ያሻገራት።

ባርኔጣውን አወለቀ።

ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ልጅት ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰችና አባቷን አየችው፤ ወለሉን አላየችም።

«አባዬ፣ ምነው እንደዚህ ታየኛለህ?»

«ናፍቀሽኝ ነው» አላት።